አሮጌ ሌንስን በማሻሻል ሕልም መሰል ፎቶግራፍ ማንሳት፦ ለጣና ዳር ፎቶ አንሺዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ሕልም መሰል ፎቶግራፍ የሚገኘው የዘመኑ ሌንስ ሠሪዎች ለማጥፋት ከሚደክሙባቸው ጉድለቶች ነው። በሌንሱ ጠርዝ በኩል የሚገባው ብርሃን በመካከል ከሚገባው ጋር አንድ ነጥብ ላይ ባለመገናኘቱ በምስሉ ላይ የሚያርፈው ለስላሳ ጮራ፣ ከፎከስ ውጭ ያለው ዳራ በአዙሪት መልክ መጠማዘዙ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ጥቁሩ ሁሉ ወደ ግራጫ ማድላቱ፣ ሁሉም በኦፕቲክስ ትምህርት ስሕተት ተብለው የሚታወቁ ናቸው። አሮጌ ሌንስን የሚያሻሽል ፎቶ አንሺ ከእነዚህ መካከል አንዱን መርጦ በፈቃዱ መልሶ ያመጣል።

በእኔ እምነት በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ለውጥ መሥራት አይገባም። የሚሠራው ለውጥ ሁሉ ሌንሱን ወደ ነበረበት የሚመልስ መንገድ ሊኖረው ይገባል፤ በፍሬሙም ውስጥ ቢያንስ አንድ ነገር፣ የሰው ዓይን ይሁን የታንኳ ጫፍ፣ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ሁሉም ነገር የፈዘዘበት ፎቶ ፎከሱን የሳተ ፎቶ እንጂ ሕልም አይመስልም። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሁሉ የሚሄደው በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ጣና ለዚህ ሥራ የተመቸ የሚሆነው በውበቱ ብቻ አይደለም። የእነዚህ ሌንሶች ባሕርይ ጎልቶ የሚወጣው ዳራው በጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች የተሞላ ሲሆን ነው፤ ባዶ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ከሆነ ምንም አይታይም። በሐይቁ ዳር ደግሞ ጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ ሳለ እያንዳንዱ ሞገድ አንድ የብርሃን ነጥብ ይሆናል፤ የደንገሉ ራስ በቀጫጭን ክሮች የተሠራ በመሆኑ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ በዘጌ ደን ውስጥም በትልልቆቹ ዛፎች ቅጠል መካከል የሚታየው ሰማይ ተቆራርጦ ይወርዳል።

ሌንሱን መምረጥ

ለጀማሪ የምመክረው ሄሊዮስ 44-2 የተባለውን የሶቪየት ሌንስ ነው። የፎካል ርዝመቱ (የዕይታውን ስፋት የሚወስነው ልክ) 58 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) ኤፍ 2 ሲሆን፣ በ4 ክፍል የተደራጁ 6 መስታወቶች አሉት። ንድፉ ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በፊት በጀርመን ከተሠራው የካርል ዛይስ የና ቢዮታር የተወሰደ ነው። ከዜኒት ካሜራዎች ጋር እየተሸጠ በብዛት በመመረቱ ዛሬም በቀላሉ ይገኛል፤ አሠራሩም በብረት ቀለበቶችና በጥርስ የተያያዘ ስለሆነ ያለ ልዩ ማሽን ይፈታል። በደርግ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን በሶቪየት ኅብረት እንደተማሩ ስለሚታወቅ፣ ከመግዛትዎ በፊት በቤተ ዘመድ ውስጥ አሮጌ ዜኒት ካሜራ ያስቀመጠ ሰው መኖሩን ቢጠይቁ አይከፋም። በሶቪየት ሌንሶች ላይ የተቀረጸው ተከታታይ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች አብዛኛውን ጊዜ የምርቱን ዓመት ያመለክታሉ።

ሌንሱን ሲረከቡ የኋላና የፊት ክዳኑን ከፍተው አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ይክፈቱና በስልክ መብራት ከኋላ እያበሩ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ጥቂት አቧራ ጉዳት የለውም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀጭን ነጭ ክር ከታየ ግን ፈንገስ ነው፤ ይህን ሌንስ አይግዙ፤ ከገዙትም ከሌሎቹ ለይተው ያስቀምጡት። የአፐርቸሩ ስለቶች ላይ ቅባት ቢታይ በ44-2 ላይ ብዙም አያሳስብም፣ ምክንያቱም አፐርቸሩ የሚንቀሳቀሰው በእጅ እንጂ በስፕሪንግ አይደለም።

ማስጠንቀቅ ያለብኝ አንድ ነገር አለ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከተሠሩት ሌንሶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የታወቀው ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4፣ በመስታወታቸው ውስጥ ቶሪየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አለባቸው። ፎቶ ለማንሳት መጠቀም አያስፈራም፤ መስታወቱን መሞረድ፣ በአሸዋ ወረቀት ማሸት ወይም መስበር ግን ፈጽሞ አይገባም። ለማሻሻያ ሥራ እንዲህ ያሉትን ሌንሶች ይተዉአቸው።

ከካሜራው ጋር ማገናኘት

ሄሊዮስ 44-2 የሚገጥመው ኤም 42 በተባለ ጥርስ ነው፤ ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ነው። ከመቀመጫው እስከ ፊልሙ የሚፈልገው ርቀት 45.46 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ አዳፕተር (ሌንሱን ከካሜራው ጋር የሚያገናኘውን ቀለበት) ሲመርጡ ይህን ቁጥር ይዘው ይነሡ። የሶኒ ኢ መግጠሚያ 18፣ የካኖን አር ኤፍ 20፣ የኒኮን ዜድ 16፣ የፉጂ ኤክስ 17.7 ሚሊ ሜትር ስለሆኑ፣ በሚረርለስ (በውስጣቸው ተንቀሳቃሽ መስታወት በሌላቸው) ካሜራዎች ሁሉ ላይ ቀሪውን ርቀት የሚሞላ ባዶ የብረት ቱቦ ይበቃል። የካኖን ኢ ኤፍ ዲ ኤስ ኤል አር ካሜራ 44 ሚሊ ሜትር በመሆኑ በቀጭን ቀለበት ይሠራል፤ ነገር ግን ሙሉ ፍሬም (እንደ ድሮው ፊልም ስፋት ያለው ሴንሰር) ባላቸው አንዳንድ ካሜራዎች ላይ ፎከሱ ወደ ሩቅ ሲሄድ የሌንሱ ጀርባ የካሜራውን ተንቀሳቃሽ መስታወት ሊነካ ስለሚችል፣ መጀመሪያ በቅርብ ፎከስ ጀምረው ቀስ እያሉ ይሞክሩ። የኒኮን ኤፍ መግጠሚያ 46.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሚፈለገው ስለሚበልጥ ያለ ተጨማሪ መስታወት ሩቁን ነገር ጥርት አድርጎ ማንሳት አይቻልም። ይህ ጉድለት ለቁም ምስል ብቻ ለሚፈልገው ሰው እንቅፋት አይሆንም፤ የሐይቁን አድማስ ለሚፈልግ ግን ይሆናል።

ከካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ያለ ሌንስ ማንሳት የሚፈቅደውን ምርጫ ያብሩ፤ ካሜራው አዳፕተሩን እንደ ሌንስ ስለማይቆጥረው ይህ ካልተደረገ ብዙዎቹ አይተኩሱም። በካሜራው ውስጥ ማረጋጊያ ካለም የፎካል ርዝመቱን 58 ብለው ይሙሉ። ሙሉ ፍሬም ሴንሰር ቢኖርዎ ይመረጣል፣ ምክንያቱም የሄሊዮስ አዙሪት ያለው በምስሉ ዳር ላይ ነው፤ አነስተኛው ሴንሰር ዳሩን ቆርጦ ይጥለውና ሌንሱን ወደ 87 ሚሊ ሜትር ገደማ ዕይታ ያጠብበዋል።

ከመፍታት በፊት

ሌንሱን ሳይነኩ በተፈጥሮው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። አዙሪቱ የሚመጣው ከዳር የሚገባው ብርሃን በሌንሱ በርሜል ስለሚቆረጥ ነው፤ ከፎከስ ውጭ ያለ የብርሃን ነጥብ በምስሉ መካከል ክብ ሆኖ ሲታይ፣ ወደ ዳር በሄደ ቁጥር ግን እንደ ስንዴ ቅንጣት ይሾላል፤ እነዚህ ሹል ነጥቦች ሁሉ በምስሉ መካከል ዙሪያ ስለሚደረደሩ ዐይን የሚያየው ዙረት ነው። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 4 ሲያጠብቡ የሚቆረጠው ብርሃን ስለሚቀንስ አዙሪቱ ይጠፋል።

ስለዚህ በኤፍ 2 ላይ አድርገው አንድን ሰው በአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ላይ ያቁሙ፤ ከጀርባው ከ5 እስከ 10 ሜትር ርቀት ላይ ቅጠል የበዛበት ዛፍ ይኑር። በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ላይ ካሉት ዛፎች ሥር ጠዋት ይህን ማግኘት አያስቸግርም። ከዚያ ሰውየውን ሳያንቀሳቅሱ እርስዎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሉ ዳራው ከየት ርቀት ላይ እንደሚዞር ይመልከቱ። ይህን ፎቶ ያስቀምጡት፤ በኋላ የሚሠሩትን ለውጥ ሁሉ የሚያመዛዝኑት ከእሱ ጋር ነው። ይህን መነሻ ሳይዙ መፍታት የጀመሩ ሰዎች ያገኙት ውጤት ከለውጡ ይምጣ ከብርሃኑ መለየት ይቸግራቸዋል።

ሳይፈቱ የሚሠሩ ለውጦች

ከሁሉ የሚቀለው ቫዝሊን ነው፤ ነገር ግን በሌንሱ መስታወት ላይ በጭራሽ አይቀባም። 49 ሚሊ ሜትር የሆነ ርካሽ የዩ ቪ ፊልተር ይግዙ፤ የሄሊዮስ 44-2 የፊት ጥርስ ልክ ይህ ነው። መካከሉን የሳንቲም ያህል ንጹሕ ትተው ዙሪያውን በጣትዎ እጅግ በስሱ ይቀቡት። የጣትዎ መስመር አቅጣጫ ዋጋ አለው፤ ብርሃኑ የሚዘረጋው የቅባቱን መስመር ቀጥ ብሎ በሚያቋርጥ አቅጣጫ ስለሆነ፣ በውኃ ላይ የወደቀው የፀሐይ ብርሃን ወደ ታች እንዲንጠለጠል ከፈለጉ አግድም ይቀቡ። ብዙ ሰው የሚያስተውለው ባይሆንም፣ በኤፍ 2 ላይ የፊልተሩ መካከል ንጹሕ መሆኑ የምስሉን መካከል ንጹሕ አያደርገውም፣ ምክንያቱም ፊልተሩ ከሌንሱ ፊት እጅግ ቅርብ ስለሆነ ተጽዕኖው በምስሉ ሁሉ ላይ ይሰራጫል። መካከሉ ጠርቶ ዳሩ እንዲፈዝ ከፈለጉ ወደ ኤፍ 5.6 ያጥብቡ።

ቀጭን የሴት ስቶኪንግ ደግሞ የተለየ ጮራ ይሰጣል። ጥቁሩ ንፅፅሩን ብዙም ሳይጎዳ ብርሃኑን ብቻ ሲያፈካ፣ ነጩ ወይም የቆዳ ቀለም ያለው ጥላውን ሁሉ ያነጣዋል። በሌንሱ ፊት በላስቲክ ወጥረው ይሰሩት፤ ይበልጥ በተወጠረ ቁጥር ተጽዕኖው ይቀንሳል።

ሦስተኛው የቅርጽ ክዳን ነው። ጠንካራ ጥቁር ወረቀት በ49 ሚሊ ሜትር ክብ ይቁረጡና መካከሉ ላይ የፈለጉትን ቅርጽ ይብሱ። በኤፍ 2 ላይ የዚህ ሌንስ ቀዳዳ 29 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቅርጹ ከዚያ ማነስ አለበት፤ ከ14 እስከ 18 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። መስቀል የሚቀርጹ ከሆነ ክንዶቹ ከ4 ሚሊ ሜትር አይነሱ፤ የላሊበላን ወይም የጎንደርን መስቀል ጥልፍ በዝርዝር ለማውጣት መሞከር ዋጋ የለውም፣ ጥቃቅኑ ሁሉ ተዋሕዶ ይጠፋል። የሌንሱን አፐርቸር ሙሉ በሙሉ ከፍተው ፎከሱን በቅርብ ነገር ላይ ሲያደርጉ፣ በሞገዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ የብርሃን ነጥብ የቀረጹትን ቅርጽ ይይዛል።

የፊተኛውን መስታወት መገልበጥ

የዚህ መመሪያ ዋና ሥራ ይህ ነው፤ ጥንቃቄም የሚጠይቀው ከሁሉ በላይ ይህ ነው። የሄሊዮስ የፊት መስታወት ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነው፤ ጉብታው ወደ ውጭ የሆነው ብርሃኑ በለሰለሰ ማዕዘን እንዲታጠፍ ነው። ሲገለበጥ ብርሃኑ በጉብታው ላይ የሚያርፈው በሾለ ማዕዘን ስለሚሆን፣ በጠርዝ በኩል የገባው በመካከል ከገባው ቀድሞ ይሰበሰባል። የምስሉ መካከል በጮራ የተከበበ ሆኖም ጥርት ብሎ ይቀራል፤ ዳሩ ግን ወደ ጥልቅ መፍዘዝና መጎተት ይወርዳል።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች በቀላሉ ይገኛሉ፦ የሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙባቸው ጥቃቅን ካቻቢቴዎች፣ ሁለት ጫፍ ያለው የሌንስ መፍቻ፣ አየር መንፊያ፣ ንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ እርሳስ፣ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ እና ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቁራጭ። በብስክሌት በታወቀችው ባሕር ዳር የመጨረሻውን ማንኛውም ጎማ ጠጋኝ ያለ ዋጋ ይሰጥዎታል። ሥራውን ማራገቢያ በሌለበት፣ መስኮቱም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይሥሩ፤ ነጩን ጨርቅ በጠረጴዛው ላይ ያንጥፉት፣ የወደቀ ብሎን ቶሎ ይታያልና አይንከባለልምም።

በመጀመሪያ በሌንሱ ፊት ስሙ የተጻፈበትን ቀለበት ያግኙ። ከመነዳሪውን በክብ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በጠርሙስ ክዳን ላይ፣ ጠቅልለው ቀለበቱን ብቻ እንዲነካ አድርገው ይጫኑትና ወደ ግራ ያዙሩት። ለዓመታት የደረቀ ግሪስ ስለሚይዘው መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ኃይል መጨመር ሳይሆን ጫናውን ሳይለቁ በዝግታ መያዝ ይሻላል። እምቢ ካለ በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርገው ይሞክሩ። በድንገት ሲለቅ ጥርሱ በእጅዎ ላይ ይሰማዎታል፤ ከዚያ በጣት ብቻ ይወጣል።

ከስም ቀለበቱ ሥር ሁለት ትይዩ ጎድጓዳዎች ያሉት ሌላ ቀለበት ካገኙ፣ መስታወቱን የያዘው እሱ ነው። ከመፍታትዎ በፊት በቀለበቱና በበርሜሉ ላይ አንድ ቀጥ ያለ የእርሳስ መስመር ያስምሩ፤ ሲመልሱ እስከ ምን ድረስ እንደተጠበቀ የሚነግርዎ ይህ ምልክት ነው። መፍቻውን ሲያስገቡ ጫፎቹ ሙሉ በሙሉ ጎድጓዳው ውስጥ መቀመጣቸውን ያረጋግጡ። መፍቻው ቢንሸራተት የሚያርፈው በመስታወቱ ላይ ስለሆነ፣ ከመስታወቱ መካከል በላይ ክብ ወረቀት ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ቀለበቱ ከወጣ በኋላ ሌንሱን በነጩ ጨርቅ ላይ ቀስ ብለው ይድፉት፤ መስታወቱ በራሱ ይወርዳል። ጠርዙን ብቻ ይያዙ። በጠርዙ ላይ ወደ ውጭ ይታይ የነበረውን ጎን በእርሳስ ትንሽ ነጥብ ያድርጉበት፤ ከወራት በኋላ ወደ ነበረበት መመለስ ሲፈልጉ የትኛው ጎን የትኛው እንደሆነ እንዳያከራክርዎ። በመንፊያ አየር ይንፉበት፤ ካልሄደ ብቻ በማይክሮፋይበር ይጥረጉት።

አሁን ገልብጠው ያስገቡት። እዚህ ላይ የሚያሰጋው፣ ጉብታው ወደ ውስጥ በመዞሩ ከሁለተኛው መስታወት ጋር ሊነካካ መቻሉ ነው። ቀለበቱን በጣትዎ ብቻ ያጥብቁ፤ የእርሳስ ምልክቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ድንገት ከቆመ አያስገድዱት። ይልቁን ከጥቁር ወረቀት ከመስታወቱ ጠርዝ ስፋት ጋር የሚተካከል ቀጭን ቀለበት ቆርጠው ከሥሩ ያስቀምጡና እንደገና ይሞክሩ። በመጨረሻም ሌንሱን በጆሮዎ አጠገብ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት፤ መስታወቱ የሚንኳኳ ድምፅ ካሰማ በደንብ አልተያዘም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ በሌንሱ ላይ የተጻፈው የርቀት ልኬት አይታመንም፤ በስክሪን አጉልተው ያተኩሩ። ፎከስ ፒኪንግ (ጥርት ያለውን ጠርዝ በቀለም የሚያሳየው የካሜራው ምርጫ) ቢሆን በጮራው ስለሚታለል ሐሰተኛ ጠርዝ ያሳያል፤ ለዚህ ሌንስ ማጉያው ይሻላል። በሩቅ ያለ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ከሐይቁ ዳር ሆነው በማዶ በሚታየው ምድር ላይ፣ ፎከሱ መድረሱን ይፈትሹ። አፐርቸሩ ደግሞ የጮራው መቆጣጠሪያ ይሆናል፤ በኤፍ 2 ሁሉ ነገር ይበራል፣ በኤፍ 2.8 ፊት ላይ ያለው ዝርዝር ይመለሳል፣ ኤፍ 5.6 ላይ ለውጡ ብዙም አይታወቅም። በሄሊዮስ 44-2 ላይ ሁለት የአፐርቸር ቀለበቶች አሉ፤ አንደኛው ወሰኑን ይይዛል፣ ሌላኛው እስከዚያ ወሰን ያለ መቆራረጥ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ወሰኑን በኤፍ 4 ላይ አስቀምጠው ሁለተኛውን በስክሪኑ እያዩ በዝግታ ቢያዞሩ፣ በኤፍ 2ና በኤፍ 2.8 መካከል ያለውን የሚወዱትን ነጥብ ያገኛሉ። ለቁም ምስል እኔ የምመርጠው እዚያ መካከል ነው።

በአንድ መስታወት የሚሠራ ሌንስ

ወደፊት ሊሄድ የሚፈልግ ሰው ሌንሱን ከባዶ መሥራት ይችላል። እንግሊዛዊው ዊልያም ዎላስተን በ1812 ያቀረበው፣ በአንድ የጎበጠ መስታወትና ከፊቱ በቆመ ቀዳዳ የሚሠራ ሌንስ በብዙ የድሮ ርካሽ ካሜራዎች ውስጥ ቀጥሏል። ዛሬ ይህን ለመሥራት ሲደመር 10 የተባለ የ49 ሚሊ ሜትር የማቅረቢያ ፊልተር ይበቃል። ሲደመር 10 ማለት የፎካል ርዝመቱ 1000 ለ10 ተካፍሎ 100 ሚሊ ሜትር ነው።

ይህን መስታወት ከሴንሰሩ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ማራቅ ያስፈልጋል። 45.46 ሚሊ ሜትሩን የኤም 42 አዳፕተር ይሸፍነዋል። ቀሪውን 28 ሚሊ ሜትር በሆነ የኤም 42 ቱቦ እና ከ17 እስከ 31 ሚሊ ሜትር በሚዘረጋ የኤም 42 ሄሊኮይድ (ሲዞር የሚረዝምና የሚያጥር ቱቦ) ይሙሉት፤ ሄሊኮይዱ የፎከስ ቀለበት ሆኖ ያገለግልዎታል፣ ከሩቅ ዳርቻ እስከ ሁለት ሜትር ገደማ ያደርስዎታል። ፊልተሩን ለማያያዝ ከኤም 42 ወደ 49 የሚያገናኝ ሪቨርስ ሪንግ ይጠቀሙ። ይህ ቀለበት ፊልተሩን የሚይዘው በፊቱ በኩል ስለሆነ ጉብታው ወደ ካሜራው ይዞራል፤ የዎላስተን ንድፍ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ከፊቱ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር በሚሆን ርቀት፣ በጥቁር ወረቀት በተሠራ አጭር ቱቦ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው ክዳን ያስቀምጡ። 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ኤፍ 4፣ 18 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5.6፣ 12.5 ሚሊ ሜትር ኤፍ 8 ይሆናል። በኤፍ 4 ላይ ጮራው እጅግ የበዛ ነው፤ ለጀማሪ ኤፍ 5.6 ይመቻል። የቱቦዎቹን ውስጥ ካላጠቆሩት ከሐይቁ የሚመለሰው ብርሃን በውስጥ እየተንጸባረቀ ምስሉን ያነጣዋል፤ ጥቁር የማያበራ ወረቀት በውስጣቸው ጠቅልሎ ማስገባት ይበቃል።

በጣና ዳር ማንሳት

ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃው ከከተማዋ በስተ ሰሜን ነው። ስለዚህ ጠዋትም ሆነ ማታ ብርሃኑ ወደ ሐይቁ ለሚያይ ሰው ከጎን ይመጣል። ፀሐይዋን በውኃው ላይ ለማግኘት የሚፈልግ ወሩን መምረጥ አለበት፤ በታኅሣሥና በጥር ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለምትጠልቅ ከምድሩ ጋር ትቀራለች፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ግን ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለምታደላ ወደ ሐይቁ ትቀርባለች። ለእነዚህ ሌንሶች ከሁሉ የሚበልጠው ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ እስከ 2 ሰዓት ያለው ነው።

እኩለ ቀን ላይ የተከፈተ አፐርቸር ብርሃን ይበዛበታል። በጠራ ፀሐይ፣ በአይ ኤስ ኦ 100 እና በኤፍ 2 ትክክለኛው የሹተር ፍጥነት 1/6400 ገደማ ስለሆነ ብዙ ካሜራዎች አይደርሱበትም፤ የውኃው ነጸብራቅ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ኤን ዲ 8 ፊልተር ሦስት ደረጃ ስለሚቀንስ ወደ 1/800 ያወርደዋል። ከዚህ በተጨማሪ የተገለበጠ ሌንስ ብሩህ ቦታዎችን ወደ ጎን ስለሚያፈስስ፣ ብርሃኑን ከሚለካው በአንድ ሦስተኛ ወይም በሁለት ሦስተኛ ደረጃ ዝቅ አድርገው በሮው (ባልተቀነባበረ የፋይል ዓይነት) ያንሱ።

ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ለተገለበጠው ሄሊዮስ የሚስማማ ነው። ቀዛፊውን በፍሬሙ መካከል ያድርጉት፣ ምክንያቱም ጥርት የሚለው መካከሉ ብቻ ነው፤ መቅዘፊያው ከውኃው ሲወጣ የሚበተኑት ጠብታዎች ፀሐይን ከኋላቸው ሲያገኙ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጮራ ይዘው ይወጣሉ። ለዚህም 1/1000 ወይም ከዚያ የፈጠነ ሹተር ያስፈልጋል። ከማንሳትዎ በፊት “አባቴ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?” ብሎ መጠየቅና ሲጨርሱ ምስሉን ማሳየት ተገቢ ነው፤ ጠዋት ዓሣ ይዞ የሚመለስ ሰው በሥራ ላይ ያለ ሰው ነውና አያስቁሙት።

የደንገል ዳራ ለአዙሪቱ ይመረጣል፤ ሰውየውን ከደንገሉ ቢያንስ 4 ሜትር ያርቁት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስለሚኖር፣ ስክሪን ላይ አጎንብሶ ፎከስ የሚፈልግ ሰው ከደንገሉ ውስጥ ብቻውን መግባት የለበትም። በዘጌ ገዳማት ውስጥ ማንሳት የሚፈልግ አስቀድሞ ካህናቱን ያስፈቅድ፤ በግድግዳ ሥዕሎች ላይ ፍላሽ አይበራም። እነዚህ ሌንሶች ለሥዕሉ አይመከሩም፣ ጥንታዊ ሥዕል ጥርት ብሎ መነሣት ይገባዋል፤ ለቡና ደኑ መንገድ ግን የተገለበጠው ሄሊዮስ ምን እንደሚችል በግልጽ ያሳያል። ድልድይ አካባቢ ካሜራ ከማውጣት በፊትም ጥበቃዎችን መጠየቅ ይሻላል።

ማስተካከልና ማስቀመጥ

በኮምፒውተር ላይ ሲያስተካክሉ ንፅፅርን በአንድ ጊዜ ከፍ አያድርጉ፤ ጮራው ይጠነክርና ቆሻሻ ይመስላል። ጥቁሩን ነጥብ ብቻ ትንሽ ያውርዱ። ሰው ሠራሽ ጥራት የሚጨምሩትን መሣሪያዎች በመካከሉ ላይ በብሩሽ ብቻ ይጠቀሙ።

በክረምት የጣና ዳር አየር እርጥበቱ ይጨምራል፤ ፈንገስ የሚወደው እንዲህ ያለውን አየር ነው፣ የተፈታ ሌንስ ደግሞ አቧራና እርጥበት በቀላሉ ይገባዋል። ሌንሶችዎን በቆዳ ቦርሳ ውስጥ አይተዉአቸው፤ በደንብ በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ያስቀምጡ፣ ጄሉንም እርጥበት ሲጠግብ እንደ ዓይነቱ ያድርቁት ወይም ይቀይሩት። ቫዝሊን የነካው ፊልተር በተለየ ዕቃ ይቀመጥ። በእያንዳንዱ ሌንስ ክዳን ላይ የተሠራውን ለውጥ በወረቀት ለጥፈው ይጻፉ፤ ሌንሱን ለሌላ ሰው ከመስጠትዎ ወይም ከመሸጥዎ በፊት የእርሳስ ነጥቡን ተከትለው መስታወቱን ወደ ቀድሞ አቅጣጫው ይመልሱ፣ ከመጀመሪያው የሙከራ ፎቶ ጋር እያመዛዘኑም በሩቅ ነገር ላይ እንደገና ይፈትሹት።